ዝምታም ይነቅዛል

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው፤ ፀጉራችሁ ለሸበተ፣ ከዋና ሥራችሁ በጡረታ ለወጣችሁ፣ «ልምድ ያለው ሰው ይግባበት» ተብሎ በየፋብሪካው የቦርድ ወንበር ለተሰጣችሁ። ለወጣቶቹ የሚነግራቸው አይጠፋም። ሥልጠናውም፣ አማካሪውም፣ መመሪያውም የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። እኛን ግን ደፍሮ የሚናገረን የለም። ስንገባ ከወንበራቸው ይነሱልናል፣ ስንናገር ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ስንሳሳት አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉናል። ነውራችንን ሊነግረን የሚችለው እኩያችን ብቻ ነው። እኔም ከነውሩ ድርሻ አለኝና ልናገር።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። እህል ይነቅዛል፣ እንጨት ይነቅዛል፤ ያልተናገሩት ነገር ግን እንደተቀመጠ ይኖራል፣ ማንንም አይጎዳም ነው ነገሩ። በዘመድ ጠብ መካከል ለገባ ሽማግሌ ደህና ምክር ይሆናል። ለፋብሪካ ግን አይሆንም። ፋብሪካ ውስጥ የታፈነ ነገር በታፈነበት አይቀመጥም። በቱቦ ይወርዳል፣ ወንዝ ይገባል፣ ጎመን ላይ ያርፋል፣ ሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በማናውቀው ሰው ልጅ አካል ላይ ይወጣል።

ስለ ሚናማታ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን ስለ ባዜቃውና ስለ ሕሙማኑ ይመስለኛል። እኔ ላወራችሁ የምፈልገው ስለ አንዲት ድመትና ስለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።

ሚናማታ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት፣ በኩማሞቶ ግዛት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1908 ተከለባት። ከ1932 ጀምሮ ደግሞ አሴታልዴይድ የሚባል ኬሚካል ማምረት ያዘ፤ ለዚህ ሥራ ባዜቃ ያስፈልገዋል፣ የተረፈውን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቀዋል። ከተማዋ የምትበላው ከፋብሪካው ነበር። ሥራው ከእሱ፣ ግብሩ ከእሱ። ይባስ ብሎ ያንን የአመራረት ዘዴ የፈለሰፉት የቀድሞው የፋብሪካው ኃላፊ ኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ። እንዲህ ባለ ከተማ ማን ማንን ይከሳል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1956 ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ መራመድና መናገር አቅቷት ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል መጣች። ቀናት ሳይቆዩ ታናሽ እህቷም ተከተለች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሐጂሜ ሆሶካዋ ምንጩ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሣቱን ሜይ 1 ቀን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አስታወቁ። አሣ አጥማጆቹ ግን ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር፤ የመንደሩ ድመቶች እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ባሕር ውስጥ ሲወድቁ አይተዋል። ኩባንያው በ1958 ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ የፍሳሹን መውጫ ከአሮጌው ወደብ አንስቶ ወደ ወንዙ አፍ አዛወረው። በሽታውም ቱቦውን ተከትሎ በአዳዲስ መንደሮች ታየ። ይህቺን ቱቦ የማዛወር ብልሃት እናንተም የምታውቋት ይመስለኛል። እኔ አውቃታለሁ።

አሁን ወደ ድመቷ። ሆሶካዋ የኩባንያው ደመወዝተኛ ናቸው። በ1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥፋቱ የባዜቃ ነው ሲሉ፣ ኩባንያው ደግሞ ማስረጃ የለም ብሎ ሲከራከር፣ እኚህ ሐኪም ከአሴታልዴይድ ክፍሉ የወጣውን ፍሳሽ በድመት ምግብ ላይ እያፈሰሱ ይሞክሩ ነበር። ድመቷ ስም የላትም፤ ቁጥር 400 ነው የምትባለው። ኦክቶበር 6 ቀን 1959 መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ጀመረች። ከእንግዲህ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። መርዙ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ቱቦ እንደሚወጣ አንድ ሰው አወቀ፤ ቀጥሎም አለቆቹ አወቁ። ሙከራው ይቁም ተባለ። ውጤቱም ከግቢው አጥር አልወጣም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፋብሪካው አዲስ የፍሳሽ ማጣሪያ አስመረቀ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት በምረቃው ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ ተጣራ የተባለውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብለው ጠጡ። ማጣሪያው ባዜቃ እንዲያስወግድ ተደርጎ የተሠራ አልነበረም። የአሴታልዴይዱ ፍሳሽም በዚያ ቀን በእሱ በኩል አያልፍም ነበር። ፎቶ ተነሣ፣ ተጨበጨበ፣ ከተማውም ተረጋጋ። እኔ ስንት ምረቃ ላይ ሪባን ሲቆረጥ አጨብጭቤአለሁ! ያቺን ብርጭቆ ሳስብ እጄን ማየት ያስጠላኛል።

ከምረቃው ቀጥሎ፣ ዲሴምበር 30 ቀን፣ ኩባንያው ከሕሙማኑ ቤተሰቦች ጋር ውል ተፈራረመ። ለሞተ ሰው 300 ሺህ የን የማጽናኛ ገንዘብ ይከፈላል፤ ወደፊት የበሽታው መንስዔ ፋብሪካው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቤተሰቡ ተጨማሪ ካሣ አይጠይቅም። ይህን ውል ያረቀቀው ሰው የድመቷን ውጤት ይወቅ አይወቅ ለእኔ ምንም ለውጥ የለውም። «ሆኖ ቢገኝ እንኳ» የሚለው ሐረግ ከማያውቅ ሰው አይወጣም። የኩማሞቶ ፍርድ ቤት በማርች 1973 ኩባንያውን ጥፋተኛ ሲል ያንን ውልም ከንቱ አደረገው። በመካከሉ ግን አሥራ ሦስት ዓመት አልፏል።

ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው፤ ድመቷ ከታመመች ከዘጠኝ ዓመት ግድም በኋላ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ፣ በ1965፣ እዚያው ጃፓን በኒጋታ፣ በአጋኖ ወንዝ ዳር፣ ሾዋ ዴንኮ የተባለ ሌላ ኩባንያ በተመሳሳይ አሠራር ተመሳሳዩን በሽታ አመጣ። የሚናማታው ሐኪም የጻፉት ገጽ ቢታተም ኖሮ የኒጋታ ሰዎች አሣቸውን ሳይበሉ በተዉት ነበር ብዬ አምናለሁ። ዝምታ አጥር አያውቅም የምለው ለዚህ ነው።

ሆሶካዋ በ1970፣ በካንሰር ታመው ሆስፒታል በተኙበት፣ ዳኞችና ጠበቆች አልጋቸው ድረስ ሄደው ምስክርነታቸውን ተቀበሉ። ስለ ቁጥር 400 ያኔ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አረፉ። 69 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሰው ያመሰግናቸዋል፣ እኔም አመሰግናቸዋለሁ፤ በፍርዱ ላይ የእሳቸው ቃል ከባድ ሚዛን ነበረው። ግን አሥራ አንድ ዓመት። በዕድሜ እኛን የሚያክል፣ የተከበረ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይዞት ቆየ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ታሪካቸው ለእኛ ምንም አይነግረንም ነበር። ደግ ሰው መሆናቸው ነው የሚያስፈራኝ።

የራሴን ደግሞ ልናገር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ባያውቀው አይጎዳም። የቆዳ ፋብሪካ ነው። ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ፦ ፀጉሩ የሚነቀለው በኖራና በሰልፋይድ ነው፣ ቀጥሎ በክሮም ይለፋል። ሁለቱ ውሃዎች በየራሳቸው ቦይ ሄደው በየራሳቸው መጣራት አለባቸው። የክሮሙ ውሃ አሲድ ስለሆነ ከሰልፋይዱ ጋር ሳይታከም ከተገናኘ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሲበረታ ሽታው ይጠፋል፤ አፍንጫ መስማት ያቆማል። ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ማጣሪያው ውድ ነው፣ መብራቱም ውድ ነው፣ ከሁሉም በላይ አንዲት ብር አያስገባም። ቦርድ ፊት ሲቀርብ ሁልጊዜ የወጪ ዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው።

አንድ ማታ ከለቅሶ ስመለስ መኪናዬ ሞቀችብኝና ውሃ ልጨምርባት ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥበቃው አወቀኝና በሩን ከፈተ። ውሃ እስኪመጣልኝ በእግሬ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ጸጥ ብሏል። ቀን ቀን ስንጎበኝ ጆሮ የሚያደነቁረው የአየር መስጫ ሞተር አይሰማም። ማጠራቀሚያው ላይ የረጋ አረፋ ተኝቶበታል። የማጣሪያው ተረኛ፣ ቡት ጫማ ያደረገ ቀጭን ሰው፣ ከጎጆው ወጥቶ ሰላም አለኝ።

«ምነው ተበላሸ?» አልኩት።

«የለም ጋሼ፣ ማታ ማታ አይሠራም እኮ። የመብራቱ ሒሳብ በዛ ተባለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መልስ አልሰጠኝም። ወደ ጎጆው ገብቶ ሁለት መዝገብ ይዞ መጣ። አንዱ በጥሩ ወረቀት የተሸፈነ፣ ማኅተም ያለበት ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ቁጥር ተሞልቶበታል፣ ሌሊቱም ጭምር። ሁለተኛው የተማሪ ደብተር ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሏል። «ይኼኛው ለሚመጡት ነው» አለኝ ባለ ማኅተሙን እያሳየ። «ይኼኛው የራሴ ነው።» የእሱ ደብተር ላይ ሞተሩ የቆመበትና የተነሣበት ሰዓት ቀን በቀን ተጽፏል። ለምን እንደሚጽፍ ጠየቅሁት።

«አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ብዬ» አለ።

የሚጠይቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ጠየቅሁም። ውሃዬን ሞልቼ ሄድኩ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ዝም አላልኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ነገሩን «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር አነሣሁት፤ ሰው ሁሉ ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ ሻዩ እየቀረበ። ሰብሳቢው በትሕትና ሰሙኝ። «ጋሽ እገሌ እንዳሉት ጉዳዩ ትኩረት ይሻል፤ ግን ይህ የማኔጅመንት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፣ ቦርዱ እዚያ ድረስ አይወርድም» አሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁም ማስታወሻ ያዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣልኝ ቃለ ጉባዔ እንዲህ ይላል፦ በፍሳሽ ማጣሪያው አሠራር ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ የሥራ አመራሩ ጉዳዩን በቅርበት እንዲከታተል አቅጣጫ ተሰጥቷል። ሰፊ ውይይት! ሻይ ሳይበርድ ያለቀ ነው። ፈረምኩ። ከሁለት ወር በኋላ ተረኛው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሩን በወሬ ሰማሁ። በዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻው ጥሩ ነበር፣ የቦርድ አበሉም ተሻሻለልን።

እስቲ ነገሩ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ተከታተሉኝ። ተረኛው «ሞተሩ ቆሟል» ይላል። የፈረቃ ኃላፊው «አልፎ አልፎ መቋረጥ ይታያል» ብሎ ይጽፋል። የክፍሉ ኃላፊ ጋ ሲደርስ «የኃይል አቅርቦት ተግዳሮት አጋጥሟል» ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ «ያጋጠመው ተግዳሮት ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት እየተፈታ ይገኛል» ይለዋል። ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ «በአካባቢ ጥበቃ ረገድ አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ሆኖ ያርፋል። በዚህ መንገድ ላይ ማንም አልዋሸም። ሁሉም ከፊቱ ያለውን ቃል ትንሽ አለሰለሰው እንጂ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚሉት እንዲህ ነው።

ሦስት ዓይነት ባለቤት አይቻለሁ። በወጣትነቴ ፋብሪካው የግለሰብ ነበር፤ ያኔ ዝም የምንለው ባለቤቱን ፈርተን ነው። በጥር 1967 ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱ የሕዝብ ሆነ ተባልን፤ የሕዝቡን ወንዝ ግን ማንም አላነሣም፣ ኮታ ነበር የሚጠየቀው፣ ኮታውም በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይሞላ ነበር። ዛሬ ደግሞ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ዝም የምንለው ተከባብረን ነው። ከሦስቱ የቱ ይከፋል ብትሉኝ የመጨረሻው እላለሁ። ፍርሃት ሲነሳ ሰው ይናገራል፤ መከባበር ግን የሚነሳበት ቀን የለውም።

ይህ የድሃ አገር በሽታ ነው፣ የሠለጠኑት ሥርዓት አላቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። የጀርመኑን መኪና አምራች ቮልስዋገንን ተመልከቱ። ሃያ ሰው ያለበት የበላይ ተቆጣጣሪ ቦርድ አለው፤ አሥሩ የሠራተኛው ወገን፣ በባለአክሲዮኑ ወገን ደግሞ ኩባንያው ያለበት ግዛት መንግሥት ሳይቀር ተቀምጦበታል። ከዚያ የበለጠ የቦርድ አደረጃጀት ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 በዶው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ከዓለም መኪና አምራቾች አንደኛ ተባለ። በዚያው ወር 18ኛ ቀን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጉዱን አወጣው፤ የናፍጣ መኪኖቹ ምርመራ ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ ጭሳቸውን የሚያሳንስ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ የሚለቅ ፕሮግራም ተጭኖባቸዋል። መንገድ ላይ የሚያወጡት የናይትሮጅን ጭስ ከተፈቀደው እስከ አርባ እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪና። የነቁበት ደግሞ ጥቂት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ መለኪያ መሣሪያቸውን መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አጭቀው ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ነዱ። ሥራ አስፈጻሚው በቀናት ውስጥ ለቀቁ፣ ኩባንያው ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጣበት፣ ከዘላቂነት ዝርዝሩም በቀጣዩ ወር ተሰረዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እኛ ዘንድ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አንድ ልጅ ሮጦ ሞተሩን ያስነሣል፤ እነሱ ዘንድ ያንን ኮምፒውተር ይሠራላቸዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቶሺባንም ባጭሩ ላንሣ። በጃፓን የውጭ ሰዎች የሚገኙባቸውን የቦርድ ኮሚቴዎች ቀድመው ካቋቋሙት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው ያደረገው፣ ለሌሎችም አርአያ ተብሏል። በ2015 ግን ሰባት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ትርፉን ከ150 ቢሊዮን የን በላይ አጋኖ ሲያቀርብ መኖሩ ወጣ። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ የቀድሞው የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ነበሩ። የራሱን ወጥ የሚቀምስ ወጥ ቤት ጨው አነሰው አይልም። በየጠቅላላ ጉባዔው «እሱ ሒሳቡን ያውቀዋልና እሱ ይሁን» እያልን የምንመርጣቸውን ሰዎች አስቡልኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕግ የለም ማለት አንችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት አልፏል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን ሕግ የኩባንያ ክፍል ተክቶ የቦርድን ኃላፊነት አስፍሮታል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጥቷል፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያውም በ2017 ተከፍቷል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ልብ ይባል። እስከ ዛሬ የምንፈርመውን ሪፖርት የሚያነቡት የምናውቃቸው ባለአክሲዮኖች ነበሩ፤ ከእንግዲህ ሐዋሳ ወይም ጎንደር ተቀምጣ ጡረታዋን በአክሲዮን የምታኖር መምህርት ታነበዋለች፣ አምናውም ትገዛለች። ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎቿ የአቅራቢዎቻቸውን የሠራተኛና የአካባቢ አያያዝ እንዲከታተሉ በሕግ አዝዛለች፤ ስለዚህ ከገዢዎቻችን ረጃጅም መጠይቅ ይመጣል። መጠይቁን ማን እንደሚሞላው ታውቃላችሁ? ሞተሩን አጥፋ ያለው ሰውዬ ነው።

«ዘላቂነት» የሚለው ቃል ራሱ ሳይቀር አዳራሽ ውስጥ አርጅቷል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ፣ ችግኝ የያዘ እጅ ፎቶ ሥር ታገኙታላችሁ። ችግኙን አልጠላም፤ እኔም ተክያለሁ። ግን በፍሳሹ ቱቦ አጠገብ የተተከለ ችግኝ አላየሁም። ወንዙ ከፋብሪካው አጥር ሥር ወጥቶ ሲሄድ ግራና ቀኙ ጎመንና ሰላጣ ነው። ጎመኑን የምታጠጣው ሴት ውሃው አንዳንድ ቀን ቀለሙ እንደሚለወጥ ታውቃለች፤ እኛ ግን አናውቅም፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ ላይ ቀለም የሚባል ዓምድ የለም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የቦርድ ጉብኝት ሲባል በቀይ ምንጣፍ፣ በቀን፣ ተነግሮለት አትሂዱ። ሌሊት ሂዱ። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ብትሄዱ ይሻላል፤ ብዙ ፋብሪካ የሚለቀው ያኔ ነው፣ ጎርፉ ያጥብልናል ብሎ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር አትግቡ። ተረኛውን ሻይ ጋብዙትና ስለ ሁለተኛው ደብተር ጠይቁት፤ ሁለተኛ ደብተር የሌለበት ፋብሪካ ጥቂት ነው። የፍሳሹ ናሙና ውጤት በሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ውስጥ ታሽቶ ሳይሆን ከቤተ ሙከራው እንደወጣ በቀጥታ ይድረሳችሁ። የውስጥ ኦዲተሩን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ቦርዱ ይሁን። እውነቱን የነገራችሁ ሰው በወሩ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ሲዛወር ዝውውሩን የፈረመውን ሰው ስብሰባ ላይ አቁማችሁ ጠይቁት። የሥራ አስኪያጁን ጉርሻ ደግሞ በትርፍ ብቻ አትለኩት፤ ማጥፋት የሚያተርፍ ከሆነ ያጠፋዋል፣ እሱም ሰው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ከማትስማሙበት ውሳኔ በታች ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባዔው ይያዝልኝ» በሉ። ስድስት የማይሞላ ቃል ነው። አፍ ላይ ሲመጣ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ሻዩን የሚያቀዘቅዝ፣ ሰብሳቢውን የሚያስከፋ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ወንበራችሁን የሚያስወስድ ቃል ነው። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ሰብሳቢው የልጄን ሠርግ የደገሱልኝ ሰው ነበሩ።

አሁን ከቦርዱ ወጥቻለሁ፤ በክብር ነው የተሸኘሁት፣ ካባ ተደርጎልኝ። የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባዔ ቅጂ ግን ቤት አለ፣ በመሳቢያዬ ውስጥ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከሰብሳቢው ስም ቀጥሎ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።